ታሪክን በልብ ወለድ ማስተማር፦ የጁርጂ ዘይዳን ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

በትምህርት ቤት ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ተማሪው ቶሎ የሚረሳው የትኛውን ነው ተብለው ቢጠየቁ፣ ታሪክን ሳይጠቅሱ የሚያልፉ መምህራን ጥቂቶች ናቸው። የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዓመተ ምሕረትና የውል አንቀጽ ለፈተና ይጠናል፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ይህም የሚሆነው ተማሪው የማስታወስ ችሎታ ስላነሰው አይደለም። ያው ተማሪ አያቱ ያጫወቱትን የዘመቻ ወሬ ከነፈረሱ ስም፣ ከነዘማቹ ፉከራ ይዞት ይኖራል። ልዩነቱ የመጀመሪያው በዝርዝር መልክ፣ ሁለተኛው ግን በሰው ሕይወት ውስጥ አልፎ በትረካ መልክ የደረሰው መሆኑ ነው።

ይህን ልዩነት ተገንዝበው ትረካን ለታሪክ ትምህርት መሣሪያ ለማድረግ ከደከሙት ደራሲያን አንዱ ጁርጂ ዘይዳን ነው። ጁርጂ የሚለው ስም በእኛ አጠራር ጊዮርጊስ ማለት ነው። ዘይዳን ከ1891 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ውስጥ 22 ታሪካዊ ልብ ወለዶችን በዓረብኛ ጽፎ ያሳተመ፣ በዚሁም ሥራው የዓረብኛ ታሪካዊ ልብ ወለድን ካቋቋሙት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ሰው ነው። የጻፈውም ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ዓላማው ደረቁን የታሪክ መጽሐፍ ከፍቶ የማያነበውን ተራ አንባቢ ታሪክ ማስተማር ነበር። በመሆኑም የእርሱ ሕይወትና ሥራ ለሥነ ጽሑፍ መምህር ብቻ ሳይሆን ለታሪክ መምህርና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅም ብዙ ቁም ነገር ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘይዳን ምን እንደሠራ፣ እንዴት እንደሠራና አሠራሩ ከየት ላይ እንደሚደክም በማሳየት፣ ታሪካዊ ልብ ወለድን በክፍል ውስጥ በጥንቃቄ ለመጠቀም የሚረዳ ሐሳብ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ዘይዳን በታኅሣሥ 1861 በቤይሩት ከተማ ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ ምግብ ቤት የነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ልጁን ትምህርት ቤት የላከውም ሊቅ ይሆንልኛል ብሎ ሳይሆን፣ ማንበብና መጻፍ ተምሮ የምግብ ቤቱን ሒሳብ እንዲይዝለት በመፈለግ ነበር። ሕፃኑ ንባብ የለየው እንደ ሀገራችን የቤተ ክህነት ተማሪዎች በመዝሙረ ዳዊት ነው። ከዚያም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ጥቂት ፈረንሳይኛ ቀሰመ። ሆኖም ገና የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የምግብ ቤቱ ሥራ ሰው በማጣቱ ትምህርቱን አቋርጦ አባቱን ማገዝ ግድ ሆነበት።

እናቱ ልጅዋ በምግብ ቤት አካባቢ ከሚውሉ ሰዎች ጋር መዋሉን ስላልወደደችው ጫማ ሰፊ ዘንድ እንዲሠለጥን አደረገች። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ቁጭ ብሎ መዋሉ ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ምግብ ቤቱ ተመለሰ። ይህ መመለስ ግን ለትምህርቱ በር ከፈተለት፤ በምግብ ቤቱ ከሚመገቡት መካከል በከተማው የነበረው የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን ይገኙበት ነበርና። ይህ ኮሌጅ ከ1920 ጀምሮ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እየተባለ የሚጠራው ነው። ወጣቱ ዘይዳን ጠረጴዛ እየጠረገና ሳህን እያነሳ የተማሩ ሰዎችን ክርክር ሰማ፤ ከእነርሱም ጋር ተወዳጀ። በማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ መማር ጀመረ፤ ቋንቋውን ጥቂት እንደ ያዘም የእንግሊዝኛና የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ሞከረ። «አል ሙቅተጠፍ» የተባለው የሳይንስ መጽሔትም ካነበባቸው ሁሉ የበለጠ አእምሮውን ያነቃቃ ነበር።

በ1881 የመግቢያ ፈተናውን በግል ጥናት ጥቂት ወራት ብቻ ተዘጋጅቶ በማለፍ በዚያው ኮሌጅ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። መደበኛ ትምህርቱን በልጅነቱ ላቋረጠ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በ1882 ኤድዊን ሉዊስ የተባለ የኮሌጁ መምህር በምረቃ በዓል ላይ ባደረገው ንግግር ዳርዊንን በበጎ በማንሣቱ ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጭቶ ሥራውን ለቀቀ። የሕክምና ተማሪዎችም ይህን በመቃወም ትምህርት አቆሙ። ዘይዳን በተቃውሞው ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ስለሆነ ወደ ኮሌጁ ሳይመለስ ቀረ። ሐኪም የመሆን ሐሳቡም በዚሁ አከተመ።

ከዚህ የሕይወት ምዕራፍ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዘይዳን ዕውቀትን ያገኘው በከፊል ከትምህርት ቤት፣ በአመዛኙ ግን ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። ስለዚህም በኋላ ሲጽፍ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው አንባቢ የኮሌጅ ተማሪ አልነበረም፤ እንደ ራሱ ፊደል የቆጠረ፣ የመማር ፍላጎት ያለው፣ ነገር ግን ጊዜና ገንዘብ ያጠረው ሱቅ ጠባቂ፣ ጸሐፊ፣ የቤት እመቤት ነበር።

ካይሮና ሱዳን

በ1883 ዘይዳን ትምህርቱን ለመቀጠል አስቦ ወደ ካይሮ ሄደ፤ ዳሩ ግን የሕክምናው ትምህርት የሚወስደው ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሆነበትና በአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ተቀጠረ። በዚያን ወቅት በሱዳን የማህዲ ጦር ተነሥቶ የግብፅን አስተዳደር እያፈራረሰ ነበር። በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርዶንን ለማዳን የእንግሊዝ መንግሥት በ1884 በዓባይ ሽቅብ ጦር ሲልክ፣ ዘይዳን በአስተርጓሚነት አብሮ ዘመተ። ጦሩ ግን አልደረሰም፤ ካርቱም በጥር 1885 ተያዘች፤ ጎርዶንም ተገደለ። ዘይዳን በዚያ ዘመቻ አሥር ወር ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

ይህ ጦርነት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በእንግሊዝና በግብፅ መካከል በዓድዋ የተፈረመው ውል፣ በማህዲ ተከታዮች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ የሚፈቅድ ነበር። የዚያም መዘዝ እስከ ጎንደር መቃጠልና እስከ መተማ ጦርነት ድረስ ዘልቋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያው ወደቁ። በሀገራችን «ደርቡሽ» እየተባለ የሚወሳውን ኃይል ዘይዳን በዓባይ በኩል፣ በሌላኛው ወገን ሆኖ አይቶታል ማለት ነው።

ከሱዳን መልስ ወደ ቤይሩት ሄዶ ዕብራይስጥና ሱርስት አጠና፤ በ1886 ስለ ዓረብኛ ቋንቋ የሚመረምር የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ተጉዞ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙትን መጻሕፍት ተመለከተ። ከዚያም ወደ ካይሮ ተመልሶ በ«አል ሙቅተጠፍ» መጽሔት አስተዳደር ውስጥ ሠራ፤ የግብፅን ዘመናዊ ታሪክ ጻፈ፤ በአንድ ትምህርት ቤትም ለሁለት ዓመት ዓረብኛ አስተማረ። የመጀመሪያውን ታሪካዊ ልብ ወለድ ያሳተመው ከዚህ የማስተማር ጊዜ በኋላ፣ በ1891 ነው።

«አል ሂላል» መጽሔት

ዘይዳን በ1892 «አል ሂላል» ማለትም ለጋ ጨረቃ የተባለውን መጽሔት መሠረተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጸሐፊው፣ አራሚው፣ ሒሳብ ያዡና አከፋፋዩ ራሱ ነበር ለማለት ይቻላል። መጽሔቱ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ፣ የታሪክና የቋንቋ ጥናት፣ የሳይንስ ዜና እንዲሁም የአንባቢያንን ጥያቄና መልስ ያወጣ ነበር። ከመሥራቹም ዕድሜ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል።

የዘይዳን ልብ ወለዶች አብዛኞቹ በቅድሚያ በዚሁ መጽሔት በተከታታይ ወጥተው ኋላ በመጽሐፍ የታተሙ ናቸው። ይህ አወጣጥ በአጻጻፉ ላይ ሁለት ለውጦችን አምጥቷል። አንደኛ፣ አንባቢው የሚቀጥለውን ክፍል በጉጉት እንዲጠብቅ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ነገር አንጠልጥሎ ማለቅ ነበረበት። ሁለተኛ፣ ቋንቋው ቀላል መሆን ነበረበት። በዘመኑ የዓረብኛ ስድ ንባብ ቤት እየመታ በሚሄድ ጌጠኛ አነጋገር የተሞላ ስለነበረ ተራው አንባቢ ሐሳቡን ለማግኘት ይቸገር ነበር። ዘይዳን ጌጡን ትቶ ሐሳቡን አስቀደመ። ቋንቋ እንደ ሕያው ፍጥረት የሚያድግና የሚለወጥ ነው የሚለውን እምነቱንም በ1904 ባወጣው መጽሐፍ አብራርቷል።

የልብ ወለዶቹ አሠራር

ዘይዳን ዋልተር ስኮትንና አሌክሳንደር ዱማን የመሳሰሉትን የአውሮፓ ደራሲያን ያውቅ ነበር። በ1902 በወጣው «አል ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ» በተሰኘው ልብ ወለድ መቅድም ላይ ግን ራሱን ከእነርሱ ይለያል። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ አንዳንድ የአውሮፓ ደራሲያን ልብ ወለዱን ዋና፣ ታሪኩን አጃቢ ስለሚያደርጉት አንባቢውን ያሳስታሉ፤ በእርሱ ሥራ ግን ታሪኩ ዋና ነው፤ የፍቅሩ ትረካ የሚጨመረው አንባቢው እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ለመሳብ ብቻ ነው። በዚህም መሠረት ብዙዎቹ ልብ ወለዶች የተጠቀመባቸውን የታሪክ መጻሕፍት ዝርዝርና የግርጌ ማስታወሻ ይዘው ወጥተዋል። ይህ ለልብ ወለድ ያልተለመደ፣ ለመምህር ግን እጅግ የሚጠቅም ልማድ ነው።

የትረካው አሠራር በአብዛኞቹ መጻሕፍት ተመሳሳይ ነው። ደራሲው በመጀመሪያ አንድ ታላቅ የታሪክ ድርጊት ይመርጣል። ቀጥሎ በድርጊቱ መካከል የሚዋደዱ ወጣት ወንድና ሴት ያኖራል። ብዙ ጊዜ አንዱ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሌላኛው ወገን ነው፤ ወይም ጦርነቱ ይለያያቸዋል። ፍቅረኞቹ እርስ በርስ ሲፈላለጉ አንባቢው አብሯቸው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር፣ ከገበያ ወደ ቤተ መንግሥት ይዘዋወራል፤ በመንገዱም ላይ አለባበሱን፣ አበላሉን፣ የቤቱን አሠራር፣ የሹማምንቱን ሥርዓት ያያል። በታሪክ የታወቁት ሰዎችም በየቦታቸው ብቅ ይላሉ። በመጨረሻ ድርጊቱ ታሪክ እንደሚያስተምረው ይፈጸማል፤ ፍቅረኞቹም ይገናኛሉ ወይም ይለያያሉ።

ሦስት መጻሕፍትን በምሳሌነት መመልከት ይቻላል። በ1891 የወጣው የመጀመሪያው ልብ ወለድ «ተሰዳጁ መምሉክ» የሚነሣው በመጋቢት 1811 መሐመድ ዓሊ የመምሉክ ሹማምንትን በካይሮ ምሽግ ውስጥ ካስጨረሰበት ዕለት ነው። ከዕልቂቱ አንድ ሹም በፈረሱ ከግንብ ላይ ዘሎ አመለጠ የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ዘይዳን ይህን ሰው አንሥቶ የስደት ኑሮውን ይተርካል። በ1892 የወጣው «የሐሰተኛው ማህዲ ምርኮኛ» ደግሞ ደራሲው ራሱ የዘመተበትን የሱዳን ጦርነትና በግብፅ የተነሣውን የዑራቢ ዓመፅ ያጣመረ ነው። ሸፊቅ የተባለው ወጣት በሱዳን ሲማረክ ፈድዋ የተባለችው እጮኛው በካይሮ ትቀራለች። በ1896 የወጣው «ግብፃዊቷ አርማኑሳ» በ7ኛው መቶ ዓመት ዓረቦች ግብፅን ከቢዛንታይን መንግሥት የያዙበትን ጊዜ ያሳያል። የግብፁ ገዥ የሙቀውቂስ ልጅ አርማኑሳ የሮማዊውን የጦር አዛዥ ልጅ አርካድዮስን ትወዳለች፤ በዚህም ግንኙነት አማካይነት አንባቢው የግብፅ ክርስቲያኖች በቢዛንታይን አገዛዝ ላይ የነበራቸውን ቅሬታ ይረዳል።

ዘይዳን ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በኋላ ሥራውን በዕቅድ ያዘው። ከእስልምና መነሣት ጀምሮ የኡመያን፣ የአባስያንን፣ የአንዳሉስን፣ የግብፅን ሥርወ መንግሥታት እየተከተለ በየዓመቱ አንድ ልብ ወለድ ያህል አወጣ። የመጨረሻው በ1914 የወጣው የግብፅ ንግሥት የነበረችው የ«ሸጀረት አል ዱር» ታሪክ ነው። ተከታታዮቹን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የብዙ መቶ ዓመታትን ታሪክ እንደ አንድ ኮርስ ተከታትሏል ማለት ይቻላል። መጻሕፍቱ ወደ ፋርስኛ፣ ወደ ቱርክኛና ወደ ሌሎችም ቋንቋዎች ተተርጉመዋል።

ልብ ወለዶቹ በባዶ ላይ የቆሙ አልነበሩም። ዘይዳን ጎን ለጎን የእስልምና ሥልጣኔን ታሪክ በአምስት ቅጽ፣ የዓረብኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ በአራት ቅጽ አሳትሟል። ከአምስቱ ቅጾች አራተኛው በ1907 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ለጥናቱ ያነበበው ለልብ ወለዱ፣ ለልብ ወለዱ የፈለገው ለጥናቱ ይጠቅመው ነበር።

የ1910 ጉዳይ

በ1910 አዲስ የተቋቋመው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ዘይዳንን የእስልምና ታሪክ እንዲያስተምር ጋበዘው። እርሱም ተቀብሎ ዝግጅት ጀመረ። ነገር ግን ክርስቲያን የሆነ ሰው ለሙስሊም ተማሪዎች የእስልምናን ታሪክ ማስተማሩ ተቃውሞ ያስነሣል ተብሎ በመታሰቡ፣ ትምህርቱ ሳይጀመር ግብዣው ተነሣ።

ይህ ድርጊት ለትምህርት ባለሙያ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማስተማር የሚያበቃው ምንድን ነው? የዚያ ሕዝብ ወይም የዚያ ሃይማኖት አባል መሆን ነው ወይስ ምንጮቹን መርምሮ በሐቅ ማቅረብ? በዩኒቨርሲቲው በር የተመለሰው ሰው በመጽሔቱና በልብ ወለዱ አማካይነት በየቤቱ ሲያስተምር ኖሯል። በሌላ በኩል የተቃወሙት ሁሉ በሃይማኖቱ ብቻ ተቃወሙት ማለት አይደለም። የህንዱ ሊቅ ሺብሊ ኑዕማኒ በዘይዳን የሥልጣኔ ታሪክ ላይ ባወጣው ትችት፣ በተለይ ስለ ኡመያ መንግሥት የቀረበው ምንጮቹን በአግባቡ ያልተጠቀመ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህን ዓይነቱ ትችት መልስ የሚሰጠው በማስረጃ ነው፤ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ማንነትን መነሻ ያደረገ ተቃውሞ ግን ከመጽሐፉ ውስጥ ስለ አንዲት ገጽ እንኳ አያስተምርም።

ዘይዳን በ1914 በካይሮ ሳይታሰብ ሞተ። የ52 ዓመት ሰው ነበር። መጽሔቱን ልጁ ኤሚል ቀጠለው።

የአሠራሩ ድክመት

የዘይዳን ሥራ በሥነ ጽሑፍ መመዘኛ ሲታይ ጉድለቱ ግልጽ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሲጀመር ደግ ከሆኑ እስከ መጨረሻው ደግ፣ ክፉ ከሆኑ እስከ መጨረሻው ክፉ ናቸው፤ መከራ አያበስላቸውም። የጠፋ ደብዳቤ፣ ራሱን የለወጠ ሰው፣ ድንገተኛ መገናኘት በየመጽሐፉ ይደጋገማል። ሁለት ሦስቱን ያነበበ ሰው የአራተኛውን ፍጻሜ መገመት አያቅተውም።

ለታሪክ መምህር ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ትረካ የሚጓዘው በሰዎች ፍላጎት፣ በፍቅርና በቂም ስለሆነ፣ የታሪክም ምክንያት ይኸው ብቻ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። በ1906 የወጣው «አል አባሳ፣ የአል ረሺድ እኅት» ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ በ803 ታማኝ ሹሙን ጃዕፈርን አስገደለ፤ ባርማክ የተባለውን የጃዕፈርን ቤተሰብም ከሥልጣን አወረደ። ለምን? በአል ጠበሪ ታሪክ ውስጥ የሰፈረ አንድ ወሬ፣ ኸሊፋው እኅቱን አባሳን ለጃዕፈር ለስም ብቻ ድሮለት ነበር፤ ሁለቱ ግን ልጅ በመውለዳቸው ተቆጣ ይላል። በ14ኛው መቶ ዓመት ኢብን ኸልዱን ይህን ወሬ አልተቀበለውም። በእርሱ አስተያየት የባርማክ ቤተሰብ የወደቀው የመንግሥቱን ሥልጣንና ገቢ ጠቅልሎ በመያዙ ነው።

ዘይዳን ልብ ወለዱን የገነባው በመጀመሪያው ወሬ ላይ ነው። ምርጫው ለደራሲ የሚገባ ነው፤ የተከለከለ ፍቅር ከግብር ገቢ ይልቅ አንባቢን ይይዛል። ሆኖም መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ መንግሥቱ ገንዘብ፣ ስለ ሹመት ሽሚያ፣ ስለ ሥልጣን መከፋፈል የሚያነሣው ጥያቄ አይኖረውም። ሐሰት የሆነ ነገር ባይነገረውም፣ ከሁለቱ ማብራሪያዎች ደካማው እንደ ሐቅ ተሰጥቶታል። «ታሪኩ ዋና ነው» ያለው ደራሲ ራሱ፣ ትረካው ሲያይል ታሪኩ የሚጎተትበትን ቦታ ሳያስበው አሳይቷል።

ለክፍል ትምህርት የሚሆኑ ሐሳቦች

ከላይ የተገለጸው ልብ ወለድን ከታሪክ ትምህርት ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም፤ እንዴት መግባት እንዳለበት ያመለክታል እንጂ። በአማርኛም ለዚህ የሚያገለግሉ ሥራዎች አሉ። የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» (1958 ዓ.ም.) እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉ ናቸው። ስለዚያው ንጉሥ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው ዜና መዋዕሎችም ታትመዋል። ሁለቱን ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጎ ለማስተማር ዕድሉ አለ ማለት ነው። በአፈጻጸም ረገድ የሚከተሉት ነጥቦች ሊጠቅሙ ይችላሉ።

1ኛ/ ልብ ወለዱ በር መክፈቻ ይሁን። መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር ከልብ ወለዱ ሁለት ሦስት ገጽ ቢያነብ ተማሪው ዘመኑን በዓይነ ኅሊናው ያያል። ከዚያ በኋላ የመማሪያ መጽሐፉ ሲከፈት ስሞቹና ዓመታቱ የሚያርፉበት ቦታ ያገኛሉ። መጽሐፉ በቁጥር ባይበቃም በመምህሩ እጅ አንድ ቅጂ ካለ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

2ኛ/ ተማሪው ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥራ። በመጀመሪያው ዓምድ በታሪክ ምንጭ የተረጋገጠውን፣ በሁለተኛው ባይመዘገብም በዘመኑ ሊሆን ይችል የነበረውን፣ በሦስተኛው ደራሲው የፈጠረውን ይጻፍ። ተማሪዎች በአንድ ነገር ምደባ ላይ ሲከራከሩ መምህሩ ቶሎ ዳኝነት ባይሰጥ ይመረጣል፤ ማስረጃ መፈለግን የሚማሩት በዚያ ክርክር ውስጥ ነውና።

3ኛ/ «ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ አንድ ጊዜ ልብ ወለዱን፣ አንድ ጊዜ የታሪክ ምንጩን በማስመልከት። የአባሳና የጃዕፈር ጉዳይ እንዳሳየው ሁለቱ መልሶች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ልብ ወለዱ የሰውን ልብ፣ የታሪክ ጥናቱ የግብርን፣ የመሬትን፣ የጦር መሣሪያንና የሥልጣንን ጉዳይ ያጎላል። ተማሪው አንዱ ሌላውን ለምን እንደማይተካ ከዚህ ይረዳል።

4ኛ/ አንድ ድርጊት ከሁለት ወገን ይታይ። የሱዳኑን ጦርነት ዘይዳን በካይሮ ሆኖ ጻፈው፤ የጎንደር ሰው ከቤቱ ቃጠሎ አንጻር ያስታውሰዋል፤ የማህዲ ተከታዮች ደግሞ የባዕድ አገዛዝን ማስወገድ አድርገው አዩት። የልብ ወለዱ ርእስ ማህዲውን «ሐሰተኛ» ማለቱ ራሱ የአንድ ወገን ፍርድ ነው። ተማሪው ይህን ከርእሱ ላይ ለይቶ ማውጣት ከቻለ ከመጽሐፉ ትልቁን ትምህርት አግኝቷል።

5ኛ/ ተማሪው ራሱ ይጻፍ። በአካባቢው ካሉ አረጋውያን አንድ የጥንት ድርጊት ጠይቆ፣ በመጀመሪያ የሰማውን እንደ ወረደ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ፈጥሮ በአጭር ትረካ መልክ እንዲያቀርብ ቢደረግ፣ ከምንጭ ወደ ልብ ወለድ ሲሄድ ምን እንደጨመረና ምን እንደጣለ በገዛ እጁ ያየዋል።

ለዚህ አሠራር የቋንቋና የታሪክ መምህራን መተባበር አስፈላጊ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ልብ ወለድ የአማርኛ መምህር፣ ዘመን የታሪክ መምህር ድርሻ ተደርጎ ይከፈላል፤ ተማሪው ግን ሁለቱን የሚያነበው በአንድ አእምሮ ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የሁለቱን ትምህርቶች መርሐ ግብር ሲነድፉ አንድ ዘመን በታሪክ ክፍለ ጊዜ በሚጠናበት ወቅት ስለዚያው ዘመን የተጻፈው ልብ ወለድ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንዲነበብ ቢያገናኟቸው፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ ፍሬ ይገኛል።

ማጠቃለያ

ጁርጂ ዘይዳን ከምግብ ቤት ተነሥቶ፣ ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲዘጋበት እንኳ ማስተማሩን ያልተወ ሰው ነበር። ትረካ ተራውን ሰው ወደ ታሪክ እንደሚያመጣ በ22 መጻሕፍት አስመስክሯል። እነዚያው መጻሕፍት ትረካ ብቻውን ሲቀር ለአንባቢው ጥያቄ ሳይሆን ያለቀ ፍርድ እንደሚያስጨብጥም ይመሰክራሉ። ተማሪውን ከልብ ወለዱ ያራቀ መምህር የስምና የዓመት ዝርዝር ብቻ ያተርፍለታል፤ በልብ ወለዱ ላይ ያስቀረው ደግሞ የደራሲውን ፍርድ ያሸክመዋል። ስለዚህ ልብ ወለዱ ከተነበበ በኋላ ዜና መዋዕሉ ይከፈት፤ የሁለቱ ቃል ያልገጠመበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት የተማሪው ሥራ ይሁን።